ከፍሪጅ ጀርባ የገባችውን ተዉአት

ከቡሄ እስከ መስቀል ያለው ጊዜ ለእኛ የዓመቱ ምርጥ ወቅት ነው። ለቤት ድመት ግን ከዚህ የከፋ የለም። በቡሄ ጅራፍ ይጮኻል፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ርችት ይተኮሳል፣ ችቦ ይለኮሳል፣ ቤቱ በማታውቀው ሰው ይሞላል፣ በጉ ጓሮ ይታረዳል። የሰው ጆሮ ቢበዛ እስከ 20 ሺህ ኸርዝ ይሰማል፤ የድመት ጆሮ ከ60 ሺህ ያልፋል። በግድግዳ ውስጥ የሚሄድ አይጥ የማያመልጠው ጆሮ እንግዲህ መስኮት ሥር ርችት ሲፈነዳበት አስቡት።

«አይጥ ካባረረች ይበቃል፣ ድመት ደግሞ ምን ጭንቀት አለባት?» የሚል አይጠፋም። ከእሱ ጋር አልከራከርም። የእኔ ሙግት ከሚያዝኑላት ጋር ነው፤ በደነገጠች ድመት ላይ ትልቁን ጉዳት የሚያደርሱት እነሱ ናቸውና።

አምና በዋዜማው ማታ ጎረቤቶቼ ጠሩኝ። ግራጫዋ ድመታቸው ከፍሪጁ ጀርባ ገብታ አልወጣም ብላለች። ጎንበስ ብዬ አየኋት። ጆሮዎቿ ወደ ኋላ ተለጥፈዋል፣ የዓይኗ ጥቁሩ ሰፍቶ ቢጫው ክር አክሏል፣ ጅራቷን ሆዷ ሥር ሸጉጣለች፣ ጎኗ ቶሎ ቶሎ ይነሳል ይወድቃል። ትልቁ ልጅ በመጥረጊያ እንጨት ሊገፋት ተዘጋጅቷል። ታናሽ እህቱ «ሚሚዬ ነይ» እያለች ታለቅሳለች። እናትየው ወተት በስኒ ይዘው «ግማሽ ፓራሲታሞል በጥብጬ ብሰጣት ትረጋ ይሆን?» አሉኝ።

«እትዬ፣ በፈጠረዎት እንዳያደርጉት!» አልኳቸው።

ፓራሲታሞል ለድመት መርዝ ነው። እኛ ውስጥ ጉበት መድኃኒቱን የሚያስወግድበት መንገድ እሷ ውስጥ እጅግ ደካማ ስለሆነ ደሟ ይበላሻል፣ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። ድዷ ይጠቁራል፣ ፊቷ ያብጣል። አንዲት ክኒን ልትገድላት ትችላለች። የሰው እንቅልፍ መድኃኒትም ቢሆን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥም። ወተቱም የምናስበውን ያህል ደግ አይደለም፤ ብዙ ያደጉ ድመቶችን ያስቀምጣቸዋል።

መጥረጊያውም ከክኒኑ ብዙ አይሻልም። «ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ» እንል የለ? መደበቅ ዐመሏ ነው፤ መድኃኒቷም እሱው ነው። የኔዘርላንዱ ዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2014 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት ይህንኑ ያሳያል። ወደ መጠለያ አዲስ ከገቡ 19 ድመቶች ለ10ሩ መደበቂያ ሣጥን ሰጡ፣ 9ኙን ያለ ሣጥን ተዉ። ሣጥን ያገኙት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሌሎቹ ቀድመው ተረጋጉ። ባዶ የዘይት ካርቶን የሚሠራውን ሥራ እኛ በማባበል አንሠራውም።

እናም ካርቶኑን በጎኑ አስተኝታችሁ ጸጥ ባለው ክፍል አኑሩላት። የምትተኛበትን ጨርቅ ሳታጥቡት ውስጡ አንጥፉ፤ የራሷ ጠረን ያረጋጋታል። ውኃ፣ ምግብና የምትጸዳዳበት አሸዋ እዚያው ይሁን። መስኮቱ ይዘጋ፤ ኮንዶሚኒየም ላይ በድንጋጤ የምትዘል ድመት አራተኛ ፎቅ መሆኗን አታስብም። ከዚያ ውጡላት። የግድ አብሬያት ልሁን የሚል ካለ ደግሞ ፊት ለፊት ሳያፈጥባት ጎኑን ሰጥቶ ይቀመጥ፤ ዓይኑን ቀስ አድርጎ ይጨፍን፣ ቀስ አድርጎ ይክፈት። በ2020 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ ሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዲህ ያደረገ ሰው ባዕድ እንኳ ቢሆን ድመቶች ወደ እጁ ለመቅረብ እንደሚደፍሩ አሳይተዋል። እንግዶቻችሁ «ምን ነካው?» ቢሉ አይፍረድባቸው።

የጎረቤቶቼ ሚሚ ንጋት ላይ ማንም ሳይጠራት ወጥታ የተቀመጠላትን ስትበላ ተገኘች።

ማጅራቷን ይዞ ማንጠልጠልም ይቅር። እናት ግልገሏን እንዲያ ትሸከማለችና ያደገችውም ይስማማታል ማለት አይደለም፤ ፍርሃቷን ያባብሰዋል። በድንጋጤ ከነከሰች ወይም ከቧጠጠች ቁስሉን ወዲያው በሚወርድ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። የእብድ ውሻ በሽታ ከድመትም ይተላለፋል።

ኩርርታዋም አያታልላችሁ፤ ድመት ስትታመምም ኩርር ትላለች። አንድ ቀን ሙሉ ምግብ ካልቀመሰች፣ ወይም አፏን ከፍታ የምትተነፍስ ከሆነ ጉዳዩ ከድንጋጤ አልፏል። ወንዱ ድመት አሸዋው ላይ እየተመላለሰ እያማጠ ሽንት ጠብ ካላለው በተለይ ለነገ አይባልም፤ ቧንቧው ከተዘጋ በሁለት ሦስት ቀን ይሞታል። ወደ እንስሳት ሐኪም ስትወስዷትም በማዳበሪያ ቋጥራችሁ አይሁን። አየር የሚያስገባ ቀዳዳ የተበሳለትና ጨርቋ የተነጠፈበት ካርቶን ይበቃል። ለመንገዱ የሚያረጋጋ መድኃኒት ካስፈለገም መጠኑን የሚያውቀው የእንስሳት ሐኪሙ ነው።

ዘንድሮ ዋዜማው ሳይመሽ ካርቶኑን አዘጋጁ። ለልጆቹም ራሷ እስክትወጣ ድረስ ማንም እንዳይነካት ከወዲሁ ንገሯቸው።