ስልሳ ቀንና ‹‹ምን ይሉኛል››

ሁዳዴን የጾመ ሰው 55 ቀን ምን ያህል እንደሚረዝም ያውቃል። ‹‹ቪዛዎ ተሰርዟል፤ 60 ቀን ይቀርዎታል›› የሚል ደብዳቤ የደረሰው ሰው ደግሞ 60 ቀን ምን ያህል እንደሚያጥር ያውቃል። የዛሬው ወጋችን ስለ ሁለተኛው ሰው ነው።

ነገሩ የእንግሊዝ ሀገር ነው። እዚያ ‹‹ስኪልድ ወርከር›› የሚባል የባለሙያ ሰራተኛ ቪዛ አለ። እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2020 ጀምሮ ይሰራበታል። ኢንጂነሩም፣ ነርሷም፣ የኮምፒውተር ባለሙያውም፣ አረጋውያን የሚንከባከበውም በዚህ ወይም በቅርንጫፉ ነው የገቡት። ቪዛው ፓስፖርቱን የያዘው ሰው ይመስላል እንጂ ገመዱ ያለው አሰሪው እጅ ነው። አሰሪው ከሆም ኦፊስ ፈቃድ ያወጣል፣ ስፖንሰር ይሆናል፣ ለሰራተኛው የስፖንሰርሺፕ ሰርተፊኬት ይሰጣል፤ ቪዛው የሚገኘው በዚያ ሰርተፊኬት ነው። ሰራተኛው ከስራ ከወጣ ወይም አሰሪው ፈቃዱን ከተነጠቀ ገመዱ ተበጠሰ ማለት ነው። ያኔ ሆም ኦፊስ የ3 ዓመቱንም የ5 ዓመቱንም ቪዛ ቆርጦ 60 ቀን ያደርገዋል። በውሳኔው ላይ ይግባኝ የማለት መብትም የለም።

እዚህ ላይ ነው እኛን የሚያንገበግበን። በአረጋውያን እንክብካቤ ዘርፍ ብቻ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2022 እስከ ዲሴምበር 2024 ከ470 በላይ አሰሪዎች ፈቃዳቸውን ተነጥቀዋል። ከእነዚህ አሰሪዎች ጋር ስማቸው የተያያዘ ሰራተኞች ከ39,000 በላይ እንደሆኑ የእንግሊዝ መንግስት ራሱ ተናግሯል። የሌለ ስራ ‹‹አለ›› ብሎ ሰው ያስመጣ አሰሪ አለ። ደሞዝ የሚቆርጥም አለ። እንዲህ ያለው ቢቀጣ እሰየው! ግን አሰሪው ፈቃዱን ሲያጣ ቤቱ ይቀመጣል፣ ሰራተኛው ደግሞ ሻንጣውን ያሰናዳል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይሄ ነው። ዩኒሰን የተባለው ትልቅ የሰራተኞች ማህበር ቪዛው ከአንድ አሰሪ ተፈትቶ ከዘርፉ ጋር ይታሰር ሲል ጠይቋል። እኛም ከዚህ የተሻለ መፍትሄ አይታየንም። ጥፋት የሌለበት ሰራተኛ በሌላው ሰው ጥፋት ቀን ሊቆጠርበት አይገባም።

በዚህ መንገድ የሄደው ሀበሻ ከህንዱና ከናይጄሪያው ጋር ሲተያይ ጥቂት ነው። ቢሆንም ለሄደውም ሊሄድ ለሚያስበውም ነገሩ እኩል ይመለከተዋል። ስለዚህ ህጉ እስኪለወጥ ድረስ በ60 ቀን ውስጥ ምን ይደረጋል?

በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት ቆጠራው ነው። 60 ቀኑ የሚቆጠረው ስራው ካበቃበት ቀን ሳይሆን ሆም ኦፊስ ከሚልከው ማስታወቂያ ነው። አንዳንዱ ከስራ በወጣ ማግስት ‹‹አበቃልኝ›› ይላል፤ ሌላው ኢሜይሉን ሳይከፍት 3 ሳምንት ያሳልፋል። ሁለቱም ተጎጂ ናቸው። ቪዛው ላይ የቀረው ጊዜ ከ60 ቀን ያነሰ ከሆነ ያለው ያው ያነሰው ነው። ሰራተኛው ራሱ በማጭበርበሩ ውስጥ እጁ ካለበት ደግሞ 60ዋንም ቀን ላያገኛት ይችላል።

አንደኛው አማራጭ ሌላ ስፖንሰር መፈለግ ነው። ፈቃድ ያላቸው አሰሪዎች ዝርዝር በእንግሊዝ መንግስት ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይገኛል። አዲሱ አሰሪ አዲስ ሰርተፊኬት መስጠት፣ ማመልከቻውም 60 ቀኑ ሳያልቅ መግባት አለበት። በጊዜ ያመለከተ ሰው መልሱ እስኪመጣ ድረስ በህጋዊነት ይቆያል፤ አዲሱን ስራ መጀመር የሚችለው ግን ሲፈቀድለት ነው። የእንክብካቤ ሰራተኞችን ከውጭ ሀገር ማስመጣት እ.ኤ.አ. ጁላይ 22 ቀን 2025 ተዘግቷል። እዚያው ላሉት ግን በሩ ጨርሶ አልተዘጋም፤ ስፖንሰራቸውን ላጡት ስራ የሚያፈላልጉ የየአካባቢው ቢሮዎችም በእንግሊዝ ተቋቁመዋል።

ሁለተኛው የቪዛውን ዓይነት መቀየር ነው። የሚማር በተማሪ ቪዛ፣ ዜጋ ወይም ነዋሪ ያገባ በትዳር ቪዛ ማመልከት ይችላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር እንበል። ሀበሻ ምግብ ቤት ጥግ ላይ ቡና እየጠጣ ‹‹ጥገኝነት ጠይቅ፣ ታሪኩን እኔ እጽፍልሃለሁ›› የሚል አማካሪ አይጠፋም። ጥገኝነት በእውነት ሀገሩ ቢመለስ አደጋ ላለበት ሰው ነው፤ ቪዛ ለተሰረዘበት ሁሉ አይደለም። ደግሞም በእንግሊዝ ህግ ሳይመዘገቡ የኢሚግሬሽን ምክር መስጠት ወንጀል ነው። ምክር የሚፈልግ የተመዘገበ አማካሪ ወይም ጠበቃ ይጠይቅ።

ሶስተኛው አማራጭ በጊዜው ወጥቶ ሀገር መግባት ነው። ይሄንን ማንም እንደ አማራጭ አይቆጥረውም። ነው ግን! በ60 ቀን ውስጥ የወጣ ሰው በመቆየቱ የሚጣልበት እገዳ የለም። መዝገቡ ንጹህ ነው፤ ነገ ሌላ አሰሪ ቢያገኝ፣ ለሌላ ሀገርም ቢያመለክት የሚያፍርበት ነገር አይኖረውም።

ከእነዚህ ውጪ ያለው አራተኛው መንገድ መጥፋት ነው። ስልክ መቀየር፣ ዘመድ ቤት ሶፋ ላይ መተኛት፣ በጥቁር መስራት። ህጋዊ ወረቀት የሌለውን ሰው ቀጥሮ የተያዘ አሰሪ እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ በአንድ ሰራተኛ እስከ 45,000 ፓውንድ፣ ከደገመ እስከ 60,000 ፓውንድ ይቀጣል። ስለዚህ ደህና አሰሪ አይቀጥረውም። የሚቀጥረው ያልከፈለውን ደሞዝ የትም ሄዶ እንደማይጠይቀው የሚያውቅ ሰው ነው። ከ30 ቀን በላይ አሳልፎ የቆየ ሰው በራሱ ወጪ ቢወጣ እንኳ ለ1 ዓመት እንዳይመለስ ሊታገድ ይችላል፤ ተይዞ ከተባረረ እገዳው እስከ 10 ዓመት ይደርሳል።

ታዲያ ይሄን ሁሉ እያወቀ ሰው ለምን ይጠፋል? እኛ እንደሚመስለን አንደኛው ምክንያት እዳ ነው። ሁለተኛው፣ ምናልባትም የሚብሰው፣ ‹‹ምን ይሉኛል›› ነው። ሲሄድ ሰፈሩ ተሰብስቦ ሸኝቶታል። እናት ‹‹ልጄ ለንደን ነው›› ብላ ለእድርተኛው ሁሉ ተናግራለች። ወንድም እቁብ ወጥቶለት ሰጥቶታል። አሁን በምን አንገቱ ቦሌ ይውረድ? ካፈርኩ አይመልሰኝ ይላል፤ እዚያው ይቀራል። ደብዳቤው የሰጠውን 60 ቀን አፍረት ይበላዋል።

እዳውን ማቃለል አንችልም። መሬት ሸጦ ለሄደ ሰው ‹‹ተመለስ›› ማለት ቀላል አይደለም። ግን እዳ በብር ይከፈላል፤ በጥቁር ስራ የተቃጠለ 10 ዓመት በምንም አይከፈልም። ቤተሰብም ብዙ ሊያደርግ ይችላል። ልጁ ሲደውል ‹‹ብሩስ?›› ከማለት በፊት ‹‹ምን ተሰማህ? ቤትህ እኮ ነው፣ ና›› ማለት ብር አያስወጣም። ይህን የሰማ ልጅ ሌሎቹንም አማራጮች በሰከነ ልብ ያያቸዋል። የፈራ ሰው ደላላ ይሰማል፤ የተረጋጋ ሰው ጠበቃ ይጠይቃል።

ገና ሊሄዱ ለሚያስቡ ጓደኞቻችን ደግሞ አንዲት ቃል። የአሰሪውን ስም ከመክፈላችሁ በፊት በዝርዝሩ ላይ ፈልጉ። መኖሩ ብቻ ዋስትና አይደለም፤ ፈቃዳቸውን የተነጠቁትም አንድ ሰሞን እዚያው ላይ ነበሩ። ‹‹ሰርተፊኬቱን በዚህ ያህል ሺህ ፓውንድ እንሸጥልሃለን›› የሚላችሁ ካለ ግን ሌባ ነውና ሽሹ። እ.ኤ.አ. ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ አሰሪ የፈቃዱንም የሰርተፊኬቱንም ወጪ በሰራተኛው ላይ መጫን አይችልም። ዛሬ ሰርተፊኬት የሚሸጥ አሰሪ ነገ ፈቃዱን ሲነጠቅ ደብዳቤው የሚደርሰው ለእናንተ ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ። ቸር እንሰንብት።