ጋዝ ሲሸተን ምን እናድርግ?

በዛሬው የቤተሰብ ዐምዳችን የምናነሣው የማእድ ቤት ጉዳይ ነው። ማእድ ቤት ስለ ተባለ ግን ነገሩ የባለቤቴ ነው ብሎ ገጹን የሚያልፍ ወታደር ካለ ጥቂት እንዲታገሠን እንለምነዋለን፤ ለግዳጅ ወጥቶ የሚያድር ሰው በቤቱ ውስጥ ምን ትቶ እንደ ሄደ ማወቅ ይገባዋልና።

ጋዝ ስንል ለኩራዝና ለፋኖስ የምንቀዳውን ነጭ ጋዝ ማለታችን አይደለም። የምንናገረው በሲሊንደር ታሽጎ ስለሚሸጠው ቡታጋዝና፣ በብዙ የውጭ አገር ከተሞች ከመንገድ ሥር በተቀበረ ቧንቧ ወደ መኖሪያ ሕንፃ ስለሚገባው የተፈጥሮ ጋዝ ነው። የተፈጥሮ ጋዝ ተጣርቶ ሲመጣ ቀለምም ሽታም የለውም። የተበላሸ እንቁላል የሚመስለው ያ ክፉ ሽታ ሰው ሆን ብሎ የጨመረበት ነው። ምክንያቱም የሚያሳዝን ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ማርች 18 ቀን 1937፣ በአሜሪካ ቴክሳስ ኒው ለንደን በተባለች ከተማ፣ በአንድ ትምህርት ቤት ወለል ሥር የተጠራቀመ ጋዝ ፈንድቶ ወደ 300 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን አለቁ። ጋዙ ሽታ ስላልነበረው ከእግራቸው ሥር መሙላቱን ያወቀ አልነበረም። በጋዝ ላይ ሽታ መጨመር በሕግ የታዘዘው ከዚያ ወዲህ ነው። ስለዚህ ያ ሽታ በሕፃናት ሕይወት የተገዛ ዘብ ነው። ዘብ ሲጮህ ደግሞ ተነሥቶ ማየት እንጂ ተገላብጦ መተኛት የለም።

ይሁን እንጂ ዘቡ ጮኾም ሰሚ የሚያጣበት ጊዜ አለ። ከዋሽንግተን ከተማ አጠገብ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ሲልቨር ስፕሪንግ የምትባል ሥፍራ አለች። በዚያ ይኖሩ የነበሩ የአንድ አሮጌ አፓርታማ ነዋሪዎች በጁላይ ወር 2016 ጋዝ ይሸተናል ብለው አመለከቱ። የእሳት አደጋ ሠራተኞችም መጥተው ምንም ሳያገኙ ተመለሱ። ከሁለት ሳምንት ያህል በኋላ፣ ኦገስት 10 ቀን እኩለ ሌሊት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ ሕንፃው ፈንድቶ 7 ሰዎች ሞቱ። ጉዳዩን የመረመረው የአገሪቱ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በ2019 ምክንያቱን አስታወቀ። ከመንገድ የሚመጣውን ጋዝ ግፊት ለቤት በሚስማማ መጠን የሚቀንስ፣ በውስጡ ሜርኩሪ ያለበት የቆየ መሣሪያ በሕንፃው ውስጥ ባለ የቆጣሪ ክፍል ተተክሎ ነበር። ትርፉን ጋዝ ወደ ውጭ ማስወጣት የነበረበት ቱቦ ግን አልተገናኘም። ጋዙም በዝግ ክፍል ውስጥ ተጠራቀመ፤ ክፍሉ ሰው የማይውልበት በመሆኑ ሽታውን በቶሎ የሚለይ አልተገኘም።

በዚያው አገር በኒው ዮርክ ከተማ ደግሞ ማርች 26 ቀን 2015 ያለ ፈቃድ በተቀጠለ የጋዝ መስመር ምክንያት ፍንዳታ ደርሶ 2 ሰዎች ሲሞቱ 3 ሕንፃዎች ወደሙ። ከተማው በ2016 ባወጣው ሕግ ቁጥር 152፣ ከጥቂት ዓይነት ቤቶች በቀር የሕንፃዎች የጋዝ ቧንቧ በየ4 ዓመቱ በባለሙያ እንዲመረመር አዘዘ። ከሁለቱም አደጋዎች የምንረዳው ተንኮሉ ብዙውን ጊዜ በመጋጠሚያውና በመቀጠያው መደበቁን ነው። «ጠርጥር፣ ገንፎም አለው ስንጥር» የተባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

በእኛ ቤት የመንገድ ቧንቧ ባይኖርም፣ ከሲሊንደሩ እስከ ምድጃው ያለችው አጭር ጎማ ያው ቧንቧ ናት። የተሰነጠቀች ወይም የደረቀች ጎማ ትለወጥ፤ በውሃ ጎማም አትተካ። መጋጠሚያዋ በሽቦ ሳይሆን ፋሼታ በሚባለው ማጥበቂያ ይታሰር። ማፍሰሷን ለማወቅ የሳሙና አረፋ መቀባት ይበቃል፤ አረፋው ከተንቦጫረቀ ጋዝ ይወጣል ማለት ነው። በክብሪት መፈተሽ ግን ሞትን በስሙ መጥራት ነው። ከዚህም ሌላ፣ የተፈጥሮ ጋዝ ከአየር ስለሚቀል ወደ ላይ ሲወጣ፣ ቡታጋዝ ስለሚከብድ ወለል ለወለል ሄዶ ከአልጋ ሥርና ከዝቅተኛ ቦታ ይተኛል። ስለዚህ ሲሊንደሩ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ከምድር በታች ባለ ክፍል አይቀመጥ፤ ማታም ከራሱ መዝጊያ ይዘጋ።

እንግዲህ ሽታው ቢመጣ፦ አንደኛ፣ እሳት አንጫር፤ መብራትም አናብራ፣ የበራውንም አናጥፋ፤ ማብሪያው ሲነካ የምትወጣው ትንሽ ብልጭታ ትበቃለችና። ሁለተኛ፣ መዝጊያው በቅርብ ከሆነ እንዝጋ፤ በርና መስኮት ከፍተን ልጆቹን ይዘን እንውጣ። ሦስተኛ፣ ስልክ የምንደውለው ከውጭ ሆነን ነው፤ ለእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ወይም ለግቢው ዘብ እናመልክት። አራተኛ፣ ሽታው ጠፋ ብለን አንመለስ፤ አፍንጫ ሲቆይ ይለምዳልና ሽታው ሳይጠፋ የጠፋ ይመስለናል። ባለሙያ አይቶ የለም ካለ በኋላም ሽታው ተመልሶ ቢመጣ፣ ደግመን ደጋግመን እንጥራው።

እዚህ ላይ ለእኅቶቻችን አንድ ነገር እንጨምራለን። ሽታው ከጎረቤት ቤት ሲመጣ ይሉኝታ ይይዘናል፤ በሰው ማእድ ቤት ምን አገባኝ፣ ነገረኛ እባላለሁ እንላለን። በአንድ ጣራና በአንድ ግድግዳ ለሚኖር ሰው ግን የጎረቤት ጋዝ የራሱ ጋዝ ነው። ሰላም ብሎ በር ማንኳኳት ነገረኝነት አይደለም፤ ጉርብትና ነው።

ለባሎችም የቤት ሥራ እንሰጣለን። ወደ ግዳጅ ከመሄዳችሁ በፊት የሲሊንደሩን መዝጊያ ለባለቤታችሁና ነፍስ ላወቁ ልጆቻችሁ አሳዩ፤ በየተራ ከፍተው ይዝጉት፤ ጎማዋንም አብራችሁ በአረፋ ፈትሹ። በውጭ አገር በአሮጌ አፓርታማ የሚኖር ዘመድ ያላችሁም፣ ስትጠይቁት የቆጣሪው ክፍል የት እንደሆነና ማን እንደሚመረምረው ያውቅ እንደሆነ ጠይቁት። ሥራው ከአንድ ስኒ ቡና ጊዜ አይበልጥም። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉትን ዛሬ ማታ በየቤታችን እንፈጽመው።