«ሁለት ቀንስ»፤ ግን ለምን?

የጎነ ብዙ ውስጣዊ ማዕዘኖች ድምር ሲሰጥ ብዙውን ጊዜ መምህሩ ቀመሩን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ተማሪውም «ከጎኖቹ ብዛት ሁለት ቀንስ፣ በ180 አባዛ» እያለ እንደ ዳዊት ይደግመዋል። ታዲያ የሚቀነሰው ለምን ሁለት ሆነ? ሦስት ቢሆንስ? ይህን የጠየቀ ልጅ «ዝም ብለህ ጻፍ» ሲባል እኛ ሠልጣኞች በተማሪነታችን ዘመን ሰምተናል። ነገ ጠመኔውን የምንይዘው እኛው ስለሆንን ነገሩ ያገባናል።

በእኛ አስተያየት ትምህርቱ መጀመር ያለበት ከወረቀትና ከመቀስ ነው። መቀስ ከሌለ አጥፎ መቅደድም ይበቃል። ተማሪው ጎነ ስድስት ይሥራ። ከዚያም አንዱን ጫፍ፣ ግራና ቀኝ ያሉትን ጎረቤት ጫፎች በሚያገናኝ መሥመር፣ እንደ ጆሮ ቆርጦ ያውጣ። የወጣው ጎነ ሦስት ነው፤ የቀረው ጎነ አምስት። ይድገም፣ አራት ይቀራል። አሁንም ቢደግም የመጨረሻዋ ጎነ ሦስት እጁ ላይ ትቀራለች። ሦስት ጊዜ ቆረጠ፣ አራት ቁራጭ አገኘ። የቁራጮቹ ማዕዘኖች ሁሉ ከዋናው ቅርጽ ማዕዘኖች የተከፈሉ ስለሆኑ ድምሩ 4 ጊዜ 180፣ ማለትም 720 ዲግሪ ነው። ስድስቱ ለምን አራት እንደሆነ ያን ጊዜ ልጁ ራሱ ይናገራል።

አንዳንዱ ደግሞ መሐል ላይ ነጥብ አድርጎ ወደ ስድስቱም ጫፍ መሥመር ይስባል። ስድስት ጎነ ሦስት፣ 1080 ዲግሪ! በቀይ መሰረዝ ቀላል ነው። ግን እኮ አከፋፈሉ ትክክል ነው፤ በነጥቡ ዙሪያ ያለው 360 ዲግሪ የቅርጹ ማዕዘን ስላልሆነ ሲቀነስ ያው 720 ይመጣል። ይህን ልጅ ሰሌዳ ፊት አውጥቶ ማናገር ከአሥር ጥያቄ የቤት ሥራ ይበልጣል ባዮች ነን።

ሌላው ነገር፣ ሰሌዳ ላይ የምንስለው ቅርጽ ሁልጊዜ ሞላ ያለ ነው። የገበሬ ማሳ ግን ወንዝና ገደል ወደ ውስጥ ይገባበታል። የቀስት ጫፍ የመሰለ ጎነ አራት ብንወስድ፣ ሁለቱን ክንፎች የሚያገናኘው መሥመር ከቅርጹ ውጭ ያልፋል፤ ከተሰረጎደው ጫፍ ወደ ሹሉ የሚሄደው ግን በውስጡ ያልፋልና በእሱ መቁረጥ ነው። ጋሪ ማይስተርስ የተባለው የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1975 እንዳሳየው፣ ጎኖቹ እርስ በርስ እስካልተቋረጡ ድረስ ከሦስት ጎን በላይ ያለው ቅርጽ ሁሉ፣ ምንም ቢጣመም፣ ቢያንስ ሁለት የሚቆረጡ ጆሮዎች አሉት። እሱም ጆሮ ብሎ ነው የጠራቸው። ማሳውን በሜትር ለመለካትም መንገዱ ይኸው ነው። የጎነ ሦስት ሦስቱ ጎኖች ከታወቁ ስፋቱ ይታወቃል፤ ለጎነ አራት ግን አራቱ ጎኖች ብቻ አይበቁም። አራት እንጨት ጫፍ ለጫፍ አስራችሁ ብትገፉት ይንጋደዳል፣ ሦስቱ ግን ንቅንቅ አይልም።

«በ40 ደቂቃ ይህ ሁሉ?» የሚሉ አሉ። ለአምስት ልጅ አንድ ወረቀት ከተሰጠ ይበቃል።

ከዚህ ጽሑፍ ሥር ባለ 12 ጎን ጠማማ ቅርጽ ለጥፈናል። ገልብጣችሁ ቆራርጡት፤ 10 ጎነ ሦስት ያልወጣለት ካለ ቁራጮቹን ይዞ ይምጣ፣ አብረን እንቆጥራለን።