የሕመምተኛውን ክንድ ስለ መጠበቅ

በሳምንት ውስጥ 168 ሰዓት አለ። ኩላሊቱ ሥራውን ያቆመበት ሰው በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑም አራት አራት ሰዓት ደሙ በመሣሪያ ቢታጠብለት፣ በሐኪምና በነርስ ዐይን ሥር የሚቈየው 12 ሰዓት ብቻ ነው። የቀረው 156 ሰዓት በቤቱ፣ በመንገድና በዘመዶቹ መካከል ያልፋል። ስለዚህ መርፌ የሚገባበትን ክንድ መጠበቅ ከሐኪሙ ይልቅ ለቤተ ሰቡ የተሰጠ አደራ መሆኑን በዚህ ወር ልናስረዳ ወደድን።

ይህንም ስንጽፍ በተለይ የሸዋ ሮቢትንና የይፋት ቆላን ቤተ ሰቦች እናስባለን። ሸዋ ሮቢት ከጣርማ በር ዳገት በታች፣ ከአዲስ አበባ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ናት። በአካባቢዋ ሽንኩርትና ማሾ ይመረታል፤ ወባም ይመላለሳል። የእርሻው ሥራ፣ ወባውና የመንገዱ ርቀት፣ ሦስቱም ከያዝነው ነገር ጋር የተያያዙ ናቸው።

አስቀድመን ክንዱ ለምን እንደሚያስፈልግ እንመልከት። በእጥበት ጊዜ ሁለት መርፌ ይገባል። አንዱ ደሙን ወደ መሣሪያው ይወስዳል፤ ሁለተኛው የታጠበውን ይመልሳል። በአንድ ደቂቃ 300 ሚሊ ሊትር ያህል ደም መመላለስ ስላለበት፣ ተራ የደም መልስ ሥር ይህን ሊሸከም አይችልም። ስለዚህ በኒው ዮርክ ከተማ በብሮንክስ ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ብሬሺያ፣ ዶክተር ቺሚኖና ዶክተር አፔል እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1966 ዓ.ም. አንድ ዘዴ አሳወቁ። ይኸውም በእጅ አንጓ አጠገብ የደም ቅዳውን ሥር ከደም መልሱ ጋር በቀዶ ጥገና ማገናኘት ነው። ከዚያ በኋላ ደም መልሱ እየሰፋና እየጠነከረ ሄዶ በጥቂት ወራት ውስጥ መርፌ ለመቀበል ይበቃል። ይህ ፊስቱላ ይባላል፤ ስሙ በወሊድ ጊዜ ከሚደርሰው ጉዳት ጋር ቢመሳሰልም ነገሩ ሌላ ነው። ፊስቱላው እስኪደርስ ድረስ ግን ብዙዎች ሕመምተኞች በአንገት በኩል በሚገባ ካቴተር በሚባል ቀጭን ቱቦ ይታጠባሉ።

ወደ መርፌው እንመለስ። ሕመምተኛው፦ «ሕመሙ ይቀንስልኛልና የለመድኩት ቦታ ላይ ውጉኝ» ብሎ ነርሱን ሊለምን ይችላል። የመስኖ ገበሬ የቦዩን ዳር ዘወትር በአንድ ሥፍራ ቢከፍት፣ ያ ሥፍራ እየተሸረሸረ ሄዶ በመጨረሻ እንደሚናድ ሁሉ፣ በአንድ ጠባብ ሥፍራ ሲወጋ የሚኖር የደም ሥርም ግድግዳው ሳስቶ ያብጣል። ስለዚህ መርፌው በሥሩ ርዝመት እንደ መሰላል ደረጃ ቦታ እየለወጠ መግባት ይገባዋል። በአንድ ቀዳዳ ደጋግሞ የመውጋት ዘዴ መኖሩ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ራሱን የቻለ ሥርዐትና ብርቱ ንጽሕና የሚፈልግ፣ ቍስሉም በቀላሉ የሚመረቅዝ ስለ ሆነ በልምድ ብቻ የሚደረግ አይደለም። ቤተ ሰቡም ቆዳው ቢያብረቀርቅና ቢሳሳ፣ ወይም የመርፌው ቍስል አልድን ቢል፣ ሳይውል ሳያድር ለእጥበት ክፍሉ ያሳውቅ። ከእጥበት በፊትም ክንዱን በውኃና በሳሙና ማጠብ የሕመምተኛው የራሱ ሥራ ነው።

በእርሻና በቤት ሥራ ጊዜ በዚህ ክንድ የሽንኩርት ጆንያ ማንሣት፣ ጀሪካን ማንጠልጠል፣ ሕፃን ማቀፍ አይገባም። አምባር፣ ሰዓትና ጠባብ እጅጌም ደሙን ያግዱታል፤ ክንዱንም ተንተርሶ መተኛት እንዲሁ። ጠዋትና ማታ ጣትን በፊስቱላው ላይ አሳርፎ መዳሰስ ይገባል፤ ደኅና ሲሆን እንደ ንብ ቀፎ ያለ ንዝረት ይሰማል። ንዝረቱ ከጠፋ ደሙ ረግቶ ሊሆን ስለሚችል፣ መንገዱ ሩቅ ነው ብሎ እስከ ቀጠሮው ቀን መጠበቅ ክንዱን ማሳጣት ነው። በዚያው ሰዓት ለእጥበት ክፍሉ መንገር ያስፈልጋል። ተቅማጥና ትውከት በያዘው ጊዜም የደም ግፊቱ ወርዶ ፊስቱላው እንዳይዘጋ፣ ስለሚጠጣው ውኃ ልክ ሐኪሙን ፈጥኖ ይጠይቅ።

ስለ ወባ ደግሞ ሁለት ነገር እንናገራለን። አንደኛ፣ ሕመምተኛው ትኩሳት ይዞት ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄድ፣ ፊስቱላ ባለበት ክንድ ደም እንዳይቀዱ፣ ግሉኮስ እንዳይሰቅሉ፣ የደም ግፊትም እንዳይለኩ አስቀድሞ ይንገራቸው፤ እርሱ ቢደክም አብሮት የሄደው ዘመድ ይንገርለት። ሁለተኛ፣ በቆላ አገር ብርድ ብርድ ያለው ሁሉ ወባ ነው ይባላል። በአንገቱ ካቴተር ያለበት ሰው ግን ቢንቀጠቀጥ፣ ምክንያቱ በካቴተሩ በኩል ወደ ደም የገባ ተሕዋስ ሊሆን ይችላል፤ ይህም ካልታከመ ይገድላል። የወባ ምርመራ ይደረግለት፤ ነገር ግን ወባ ተገኘም አልተገኘም፣ በዚያው ቀን ለእጥበት ሐኪሙ ይነገር።

ካቴተሩ ያለበትን ሥፍራ ውኃ ሊነካው አይገባም። ስለ ጠበል የሆነ እንደ ሆነ፣ ከንስሐ አባቱና ከሐኪሙ ጋር ይመካከር፤ የሚጠጣውም ጠበል ከተፈቀደለት የውኃ ልክ ጋር ይቈጠርለት።

ስለ መንገድም፣ መርፌው እንደ ወጣ ቦታውን በንጹሕ ፋሻ አሥር ደቂቃ ያህል፣ ገልጦ ሳያዩ መጫን ይገባል። መድማቱ ፈጽሞ ሳይቆም አውቶቡስ አይሳፈሩ፤ ንጹሕ ፋሻም ይያዙ። በመንገድ ላይ ቢደማ ቀዳዳውን በጣት አጥብቆ መጫንና ክንዱን ከፍ ማድረግ እንጂ፣ የቡና ዱቄት መነስነስ አይገባም። ካልቆመም እጅን ሳያነሡ በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል መድረስ ነው።

በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ኩላሊት የመተካት ሕክምና እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2015 ዓ.ም. ተጀምሯል። ይሁን እንጂ ሰጪ ዘመድ ላላገኘ ሰው ዕድሜው በእጥበት የሚቀጥል ነው፤ በሰው ገላ ላይ ፊስቱላ የሚሠራበትም ቦታ ጥቂት ነው፤ አንዱ በቸልታ ከጠፋ ሌላው በቀላሉ አይገኝም። እንግዲህ ጆንያውን የሚያነሣለት ልጅ፣ ማታ ክንዱን የምትዳስስለት ሚስት፣ በጤና ጣቢያ ስለ እርሱ የሚናገርለት ወንድም፣ እያንዳንዳቸው የሕክምናው ተካፋዮች ናቸው። ስለ ዛሬው በዚህ ይብቃን።