ተሳቢን ከመኪና ጋር ስለሚያገናኝ ማያያዣ አመራረጥ

በየዞኑና በየወረዳው የግብርናን ሥራ ለምታስተዳድሩ ሹማምንት ሁሉ።

ገበሬ ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር የሚያስርበት ምራን ከእርሻው ዕቃ ሁሉ ትንሹ ነው። ነገር ግን ምራኑ በትልም መካከል የተበጠሰ እንደ ሆነ፥ በሬዎቹ ብርቱዎች፥ ማረሻውም የተሳለ ቢሆን እንኳ ሥራው ይቆማል። ስለዚህ ጠንቃቃ ገበሬ ወደ እርሻው ሳይወጣ አስቀድሞ ምራኑን ይመለከታል። እኛ ግን በመንግሥት ገንዘብ ፒክአፕና ተሳቢ ስንገዛ ይህን ጥበብ የዘነጋነው ይመስላል። ለግዥ በሚጻፉት ደብዳቤዎች ላይ የመኪናው ዓይነት፥ የሞተሩ ጉልበት፥ ቀለሙም ሳይቀር ተዘርዝሮ ይገኛል፤ ስለ ማያያዣው ግን ብዙ ጊዜ «ከነመጎተቻው» ከሚል ቃል በቀር ሌላ አይነበብም። ይህ ልማድ ሊለወጥ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። ማያያዣ መኪናው ከተገዛ በኋላ ሳይሆን መኪናው ከመገዛቱ በፊት የሚታሰብ ዕቃ ነው።

አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት በአንድ ዓመት ውስጥ የውኃ ቦቴ፥ የእህል መውቂያ፥ የከብት ተሳቢ፥ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር የሚጫንበትንም ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ሊያስጎትት ይችላል። ለእነዚህ የሚሆኑት ማያያዣዎች በአራት ክፍል ይከፈላሉ።

አንደኛው በመኪናው ኋላ የሚታሰረው የብረት ኳስ ነው። የተሳቢው ዘንግ ጫፍ እንደ ቆብ ሆኖ ኳሱን ከላይ ያቅፈዋል። ለቀላልና ለመካከለኛ ጭነት የሚስማማ፥ ለማሰርና ለመፍታትም የማያስቸግር ነው። አደጋው በመጠኑ ላይ ነው። በአውሮፓ ሥርዓት የኳሱ ወርድ 50 ሚሊ ሜትር ሲሆን፥ በአሜሪካ ሥርዓት ግን 1 ከ7/8፥ 2፥ እንዲሁም 2 ከ5/16 ኢንች የሆኑ መጠኖች ይሠራባቸዋል። ለ2 ከ5/16 ኢንች የተሠራ ቆብ በ2 ኢንች ኳስ ላይ ቢገጠም ለዐይን የተቆለፈ ይመስላል፤ መኪናው ጉድጓድ ሲመታ ግን ቆቡ ከኳሱ ዘሎ ይወጣል፥ ተሳቢውም ያለ ነጂ ይሄዳል።

ሁለተኛው መንጠቆና ቀለበት ነው። በተሳቢው ዘንግ ጫፍ ያለው ወፍራም ቀለበት በመኪናው መንጠቆ ውስጥ ገብቶ ከላይ ይዘጋበታል። በወታደር መኪናዎች ላይ የሚታየው ይህ ነው። በቀለበቱና በመንጠቆው መካከል ክፍተት ስላለ በጉዞ ጊዜ ይንኳኳል፥ ሾፌሩንም ያናውጠዋል፤ ነገር ግን መኪናው ወደ አንድ ወገን፥ ተሳቢው ወደ ሌላ ወገን በሚያዘነብልበት በገጠር መንገድ ላይ እንደ ልብ ስለሚታጠፍ ከኳስ ይልቅ ይታገሣል።

ሦስተኛው በካሶኒው ወለል ላይ የሚተከለው ኳስ ነው፤ ተሳቢው ረጅምና ቆልማማ አንገት ስላለው በውጭ አገር «የዝይ አንገት» ይሉታል። አራተኛው በካሶኒው ውስጥ የሚቀመጥ ሰፊ የብረት ሳህን ሲሆን፥ በትልልቆቹ የጭነት መኪናዎች ላይ ከምናየው «አምስተኛ ጎማ» ከሚባለው ወገን ነው። እነዚህ ሁለቱ ክብደቱን ከኋላ ጎማዎች በላይ ወይም ጥቂት ወደ ፊት ስለሚያሳርፉ፥ ተሳቢው በመንገድ ላይ እንደ እባብ ከመወላገድ ይጠበቃል፤ ለጠባብ መታጠፊያም ይመቻሉ።

ይህን የሰሙ አንዳንድ ሰዎች «ከሁሉ የበረታው በካሶኒው ውስጥ የሚተከለው ከሆነ፥ እርሱን ብቻ ገዝተን ለሁሉ ብናደርገው ምን ይጎዳናል?» ይላሉ። አሳቡ ከቅን ልቡና የመጣ ነው፤ ቢሆንም ቅሉ በሦስት ምክንያት አልቀበለውም።

መጀመሪያ፥ የማያያዣው ብርታት የመኪናውን ብርታት አይጨምርም። ከኋላ የሚታሰር ተሳቢ ከነጭነቱ ካለው ክብደት ከመቶ 10 እስከ 15 የሚሆነውን በማያያዣው ላይ ማሳረፍ ይገባዋል፤ ባለ ረጅም አንገቱ ግን ከመቶ 20 እስከ 25 ያሳርፋል። እንግዲህ 3,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን ባለ ረጅም አንገት ተሳቢ ቢያንስ 700 ኪሎ ግራም፥ ማለት 7 ኩንታል፥ በመኪናው ላይ ይጭናል ማለት ነው። መኪናው ሊሸከም የተፈቀደለት 10 ኩንታል ከሆነ፥ በውስጡ አራት ሰዎች ሲቀመጡ ከዕቃቸው ጋር የቀረውን ይጨርሱታል። አንድ ከረጢት ማዳበሪያ የሚጨመርበት ስፍራ አይኖርም።

ሁለተኛ፥ ካሶኒው ለወረዳ ጽሕፈት ቤት ጎተራው ነው። ዘሩም፥ መድኃኒቱም፥ የመለኪያ መሣሪያውም የሚጫነው በእርሱ ነው። ማያያዣው ተነቃይ ካልሆነ መኪናው ከግማሽ አገልግሎቱ ተለየ ማለት ነው። ሦስተኛ፥ ባለ ሁለት ረድፍ ወንበር የሆኑት ፒክአፖች ካሶኒያቸው አጭር ስለሆነ፥ መኪናው በጠባብ ሲዞር የተሳቢው ማዕዘን የሾፌሩን ክፍል ሊመታ ይችላል። ከዚህም በላይ የውኃ ቦቴውና መውቂያው ዘንጋቸው ዝቅ ያለና ቀጥ ያለ ስለሆነ በካሶኒው ውስጥ ካለው ኳስ ጋር ከቶ አይገናኙም።

ስለዚህ የእኔ አሳብ ይህ ነው። ልዩ ልዩ ተሳቢ ለሚጎትት የወረዳ መኪና፥ ከሻንሲው ጋር በብሎን የሚታሰር፥ ኳሱንና መንጠቆውን እንደ ተሳቢው ዓይነት እያፈራረቁ የሚያስገቡበት የኋላ ማያያዣ ይገዛለት። በካሶኒው ውስጥ የሚተከለው ደግሞ ብዙ ከብት ወይም ከባድ መሣሪያ ዘወትር ለሚያመላልስ ጣቢያ፥ ለዚሁም ሥራ ለተመደበ ብርቱ መኪና ብቻ ይሁን። በወረዳው ያሉት ተሳቢዎች የኳስ ቆባቸው አንድ ዓይነት መጠን እንዲሆን ማድረግም ከብዙ ጥፋት ያድናል።

የግዥ ደብዳቤ ከመፈረሙ በፊት አራት ነገሮች ተመዝነው ይጻፉ፤ ተሳቢው ከነጭነቱ የሚመዝነው፥ በማያያዣው ላይ የሚያርፈው ክብደት፥ የቆቡ ወይም የቀለበቱ መጠን፥ የተሳቢው ፍሬን መኖርና አለመኖር። ብዙዎቹ ፒክአፖች ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከ750 ኪሎ ግራም በላይ እንዲጎትቱ አልተፈቀደላቸውም። መኪናው፥ ማያያዣው፥ ኳሱና ተሳቢው እያንዳንዳቸው የተወሰነ ልክ አላቸው፤ ከአራቱ ትንሹ ልክ የሁሉ ገዥ ነው።

ርካሽ ስለሆነ ብቻ በካሶኒው ቆርቆሮ ላይ በብየዳ የተለጠፈ ማያያዣ መቀበል አይገባም፤ ኀይሉን የሚችለው ሻንሲው እንጂ ቆርቆሮው አይደለምና። ሾፌሮችም ጭነቱን ከግማሽ በላይ ከተሳቢው ጎማዎች ወደ ፊት እንዲያደርጉ፥ ሁለቱን የመጠባበቂያ ሰንሰለቶች ከዘንጉ በታች አመሳቅለው እንዲያስሩ ይታዘዙ። ቆቡ ከኳሱ ቢወጣ ዘንጉ መሬት ሳይነካ በሰንሰለቶቹ ላይ ይንጠለጠላል።

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደውን ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው ይህን ምክር የበዛ አይለውም። በዚያ መንገድ ላይ ተሳቢው የተፈታ እንደ ሆነ፥ ከበታች ያለው ሌላ መኪና፥ ወይም ከብቱን የሚነዳ እረኛ ነው። የሹም ፊርማ የሚያርፍበት ወረቀት በጽሕፈት ቤት ይቀራል፤ የፊርማው ፍሬ ግን በቁልቁለቱ ላይ ይታያል። እንግዲህ መኪና ለመግዛት ብዕር ስናነሣ፥ ገበሬው ስለ ምራኑ እንደሚያስብ እኛም አስቀድመን ስለ ማያያዣው እናስብ።