«ጽፈህ አምጣ፣ እፈርምልሃለሁ!»

እኛ አገር ሕክምና ለመማር በዋናነት የሚታየው የፈተና ውጤት ነው። የአሜሪካ ሕክምና ትምህርት ቤቶች ግን ከመጀመሪያ ዲግሪው ሌላ የሚያውቁት ሰዎች፣ በተለይም የሳይንስ መምህራኑ፣ ስለ አመልካቹ እንዲጽፉ ይጠይቃሉ። ታዲያ ደቅ ተወልዶ ባሕር ዳር የተመረቀው ወጣታችን ወዴት ይሮጣል? ስሙ ወደ ገነነ፣ ማኅተሙ ወደ ከበደ ሰው! ቤተ ሙከራ ውስጥ አብሮት የዋለው መምህር «ማዕረጉ ትንሽ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ባለማዕረጉስ? «ጽፈህ አምጣ፣ እፈርምልሃለሁ» ይላል።

ጎበዝ፣ ይኼ እኮ ያላዩትን መመስከር ነው! የደቅ ሰው ልጁን በታንኳ ጣናን ሲያሻግር ስለ ቀዛፊው የሚጠይቀው አብሮት የቀዘፈን ነው እንጂ ባለ መርከብ ፈልጎ አይደለም። በሽምግልናችንም ምስክር የሚባለው በዓይኑ ያየ፣ በጆሮው የሰማ ነው።

ልጁ ሲሳሳት ያምናል? የደከመን ሰው ይታገሣል? ይህን ማኅተም አይመልሰውም። ተማሪው ሥራውን ያየውን ይጠይቅ፤ ባለማዕረጉም «ልጄ፣ አላውቅህም» ማለትን ይልመድ። ዛሬ የራሱን ምስክርነት ራሱ ጽፎ በሰው ስም ያስፈረመ፣ ነገ በታካሚው ካርድ ላይ ያላየውን ላለመጻፉ ዋሱ ማነው?