የወጡትን እናድምጣቸው



መርካቶ ዕቁብ የገባ ሰው ደንቡን ያውቃል። ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ፤ ዕጣ የወጣለትም ዋስ ሳይጠራ ብሩን አይወስድም። «ሒሳቡን አሳዩኝ» ያለ አባል ዓመፀኛ አይባልም። ለገንዘባችን እንዲህ የምንጠነቀቅ ለነፍሳችንስ?

እ.ኤ.አ. በ1978 ዲቦራ ሌይተን የተባለች ሴት በጉያና ከነበረው የጂም ጆንስ ሰፈር አመለጠች። በዚያ በጅምላ የመሞት ልምምድ እንደሚደረግ በቃለ መሐላ አስታወቀች። ቃሏን በቁም ነገር የያዘው ጥቂት ሰው ነበር። ከአምስት ወር በኋላ ከ900 በላይ ሰዎች አለቁ። ይህ ሩቅ አይምሰላችሁ፤ በ2023 በጎረቤታችን ኬንያ፣ ሻካሆላ ጫካ ውስጥ ከ400 በላይ አስከሬን ተቆፍሮ ወጥቷል። ብዙዎቹ ጌታን ለመገናኘት እስከ ሞት እንዲጾሙ የተነገራቸው ነበሩ።

ምልክቱ ከሞት በፊት ይታያል። መሪው አይጠየቅም፤ ባልና ሚስት በልባቸው ያለውን እንዳይነጋገሩ ይፈራሉ፤ የወጣ ሰው ሰላምታ ይነፈጋል። በዱቤ ዕቃ የሚሰጠውም፣ የሚገዛውም የዚያው ስብስብ ሰው ከሆነ፣ መውጣት ሱቅን መዝጋት ሊሆን ይችላል።

ባለ ትዳሮች ሆይ፣ የትዳር ጓደኛችሁ ወጥቶ ሲመጣ «ብዬ ነበር» አትበሉ። ቡና አፍልታችሁ እስኪጨርስ ስሙት። ሽማግሌዎችም «ቅቡዕን ተናገረ» ብላችሁ አፉን አትዝጉ፤ የተናገረውን መርምሩ።

የቤርያ ሰዎች የጳውሎስን ትምህርት እንኳ ከመጽሐፍ ጋር አመሳክረዋል (የሐዋ. 17፥11)። የማይጠየቅ መሪ ከጳውሎስ ይበልጣልን?

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።